ጨርሻለሁና የማይመለሰው መጽሐፍ

የመታወቂያ ስሟን የሚያውቁት ባሏና ኮሌጁ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ «ጨርሻለሁ» ይላታል። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ የሥራ ቤቷም ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ አዳሹ መሃል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ሦስት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ማበጠሪያዎች፣ ተራ ለሚጠብቁት ደግሞ አንድ ረጅም አግዳሚ አላት። ከአግዳሚው ላይ አንዷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ብዙ ቀረሽ እንዴ?» ካለቻት መልሱ የታወቀ ነው። ገና ግማሽ ራስ እንኳ ሳትሠራ «ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» ትላለች። ውሸታም ሆና አይደለም፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ ማየት ስለማይሆንላት ነው። አፏም እንደ እጇ ሥራ አይፈታምና አንዴ የተቀመጠ ሰው በጨዋታዋ ተይዞ ይቀራል።

ኮሌጅ የገባችው አርባ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። ነገሩ ግን የቆየ ነበር። ልጅ ሳለች ነርስ የመሆን ምኞት ነበራት፤ አባቷ ድንገት ሲሞት የበኩር ልጅ ናትና ደብተሯን አስቀምጣ ማበጠሪያ አነሳች። በዚያች ማበጠሪያ ሁለት ወንድሞቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። አገባች፣ ወለደች። ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምትገባበት ዋዜማ ዩኒፎርሟን እየተኮሰችላት ሳለ ሆዷን ባር ባር አላት፤ ለባሏም የሁሉንም ራስ ሠርቼ የራሴን ረሳሁት አለችው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድር፣ ሲመጣ ግን ቀልድ ጭኖ የሚመጣ ሰው። ሂጂና ተማሪ፣ እኔም ሳረጅ ሳያሳምም መርፌ የሚወጋኝ ሰው እፈልጋለሁ አላት። በሳምንቱ የማታ የነርስነት ትምህርት ተመዘገበች።

ሌላውን ትምህርት እንደምንም ተወጣችው። ያንገላታት «የሰው አካል አሠራር» የሚሉት ነው። እሱን ያላለፈ ወደ ሆስፒታል ልምምድ አይሻገርም፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ከነጭራሹ ከነርስነት ይሰናበታል። እሷ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ማንም ይወድቃል ብላ ተጽናናች። በሁለተኛው ለጥቂት ሲያመልጣት ግን ልቧ ተሰበረ። ያን ሰሞን ቤቷ ዝም ያለ ቤት ሆነ፤ ደንበኞቿ ሰው የሞተባት መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተሠርተው ሄዱ።

ጥፋቱ የጭንቅላቷ አልነበረም፤ የመጽሐፉ እንጂ። ትምህርቱ የሚሰጥበት መጽሐፍ እንደ ጡብ የከበደ፣ ባለቀለም ሥዕል የሞላበት፣ ዋጋው ሲነገር ለሰሚው የቤት ኪራይ የሚመስል ነበር። መግዛት የቻለ ፊት ይቀመጣል፣ ያልቻለ ኋላ። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለም። መምህሩ ይህን ገጽ ግለጡ ባለ ቁጥር የሚገልጠው የሌለው ሰው ዓይን ላለመግባት ወደ ኋላ እያለ፣ እያለ፣ ክፍሉ በራሱ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። የኋለኞቹ ደግሞ ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ። ቀን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ወጣት፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ መንታ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትመጣ እናት፣ እና የእኛዋ ጨርሻለሁ።

የኋላ ወንበር ሰው ተስፋው ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። እዚያ የመጽሐፉ ሁለት ቅጂ አለ፤ ግን ከበር አይወጣም፣ ከሁለት ሰዓት በላይም አንድ ሰው እጅ ላይ አይቆይም። ወረፋው የሚያዘው በመታወቂያ ነው። መታወቂያህን ጠረጴዛው ላይ ከተሰለፉት መታወቂያዎች ጭራ ላይ ታስቀምጥና ትጠብቃለህ። ሰልፉን የምትጠብቀውን ሴት ተማሪው «ሰዓት ሞላ» ይላታል። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ ጊዜው ሲደርስም ሰዓት ሞላ ትልና የጀመርከውን መስመር ሳትጨርስ መጽሐፉ ከእጅህ ይወጣል። ክፉ ሴት አይደለችም። ሁለት መጽሐፍ ለመቶ ሰው ማካፈል ደጉንም ሰው ክፉ ያስመስላል።

ለጨርሻለሁ ነገሩ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ተራዋ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጣቶቿ ሰው ፀጉር ውስጥ ሳሉ ነው። ዕቃ አድራሹ ወጣት በሞተሩ ሲያልፍ በበሩ ብቅ ይልና «እትዬ፣ ተራሽ ደርሷል!» ይላታል፤ እሷም ማበጠሪያዋን ራሷ ላይ ሰክታ ትሮጣለች። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ የነበረችው ባለባንኳ ናት። ባለባንኳ የባንክ ቤት መስኮት ላይ የምትሠራ፣ በየሁለት ሳምንቱ የምትመጣ የልብ ደንበኛ ናት፤ በትንሽ በትልቁ ቆሽቷ የሚያርር፣ ግን ቂም የማታውቅ። በማግስቱ ስብሰባ ነበረባት፤ ራሷ ደግሞ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ቆሟል። እንዲህ ሆኜማ አልቀርም ብላ ሻሿን ጣል አድርጋ ተከተለቻት።

ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ቦታ ያዙ። ባለባንኳ ከፊት ተቀመጠችና መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ገለጠች፤ ጨርሻለሁ ከኋላዋ ቆማ በእጇ እየጎነጎነች በዓይኗ ከጭንቅላቷ በላይ ታነብባለች። ገጹ ሲያልቅ ትከሻዋን ነካ ታደርጋታለች፣ ባለባንኳም ትገልጣለች። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም አማረ። ከዚያ የሰዓት ሞላ ጫማ ኮቴ ተሰማ። እዚህ መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ራስ አይሠራም ብላ ሁለቱንም አስወጣቻቸው፤ የቀረው ጊዜም ከኋላ ለነበረው መታወቂያ ተሰጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ባለባንኳ ያን ቀን በመንገዱ ሁሉ ቆሽቷ ሲያርር ሄደ፤ ሹሩባዋም ከግራ በኩል ትንሽ ጠመመ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የመጨረሻ ዕድሏ መሆኑን ቤቷ የሚገባ ሁሉ ያውቅ ነበር። ታናሽ ወንድሟ፣ ያ በማበጠሪያዋ ተምሮ መሐንዲስ የሆነው፣ ስልክ ደውሎ ይበቃሻል፣ ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ መስታወቱን ስታይ ቆየች። እስከዚያን ቀን ድረስ የሠራችው ሁሉ ለእገሌና ለእገሊት ነበር። ይሄ አንዱ ብቻ ለራሷ ነው፤ እሱ እንዳያመልጣት ፈራች፣ ከልቧ ፈራች።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ባዶ እጁን ገባ። ቀጭን፣ ኪሱ ዘወትር ነጭ የጠመኔ አሻራ ያለበት ወጣት ነው፤ ሁለት ጊዜ የጣላትም እሱ ነው፣ እሷ ግን አክብራው እንጂ ጠልታው አታውቅም። ያንን መጽሐፍ አትግዙ ብሎ ጀመረ። የየኮሌጁ መምህራን ተባብረው የጻፉት ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ጸሐፊዎቹ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያባዛው፣ እንዲያትመው፣ እንደየክፍሉ ልክ ቆርጦ እንዲሰፋው ሳይቀር ፈቅደዋል፤ እኔም ዕረፍቱን ሙሉ ለእናንተ ስሰፋው ከርሜአለሁ አለ። የኮሌጁ ገጽ ላይ ተቀምጧል፣ ነጻ ነው፣ ስልካችሁ ላይ አውርዱት አላቸው። ከፊት ወንበር አንዲት የባለሱቅ ልጅ እጇን አውጥታ አባቴ የገዛልኝ መጽሐፍ ታዲያ ምን ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች። ያው ልብ ነው፣ ያው ሳንባ ነው፤ ያዢው፣ ሥዕሉ ይጠቅምሻል አላት። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«ፈተና ሳርም የማየው አንድ ነገር ነበር። ማን እንደሚወድቅ በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ጀምሬ ነበር። ጎበዙን ከሰነፉ ለይቼ እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ ያለውን ከሌለው ለይቼ ነው። ይሄ ደግሞ ፈተና አይባልም።»

የኋላ ወንበር ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጨርሻለሁ ግን ጠርጥር የሚለውን ምክር ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ናትና ነጻ የሚባል ነገር ስትሰማ እሾሁ የት እንዳለ መፈለግ ልማዷ ነው። ፈልጋ ፈልጋም አገኘሁት አለች።

እዚህ ላይ ያለፈውን ዓመት ነገር ማንሳት ግድ ነው። ያኔ ቤተ መጻሕፍቱ የዚያን ውድ መጽሐፍ በኮምፒውተር የሚነበብ አንድ ቅጂ ገዝቶ ነበር። ወረቀት አይደለም፣ አይቀደድም፣ አይጠፋም፤ ግን አንድ ሰው ሲከፍተው ለሌላው ይዘጋል። የከፈተው ሰው ረስቶት ሻይ ሊጠጣ ከወጣ የቀረው ተማሪ ሁሉ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ይውላል። ሰዓት ሞላ በዚያን ጊዜ አንብባችሁ ስትጨርሱ መልሱ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮሃለች። ጨርሻለሁ ይሄን ቃል በደንብ ይዛዋለች። ነጻውም መጽሐፍ ያው እንደዚያ ነው፣ መመለስ አለበት፤ እሾሁ እሱ ነው ብላ ደመደመች። ማንንም አልጠየቀችም። የታወቀ ነገር ምን ይጠየቃል።

ስለዚህ እንዲህ ታደርግ ጀመር። ከሥራ ስትወጣ በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ መጽሐፉን ስልኳ ላይ ታወርዳለች፤ ትምህርት እስኪጀመር ሁለት ሰዓት አጎንብሳ ታነባለች፤ ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ ታጠፋዋለች። መለስኩት ማለቷ ነው። ቀና ስትልም ቀጣዩ ሰው ማን እንደሆነ ባታውቅም አላስጠበቅሁትም ብላ ደስ ይላት ነበር። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ታወርዳለች። ቤቷ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው፣ መጽሐፉ ግን ተመልሷል።

የመጀመሪያው የሙከራ ፈተና ውጤት ሲመለስ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያኑ ዕለት መምህሩ ሳይገባ ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ ዕቃ አድራሹ ስልክ ላይ አረፈ። የጉበት ሥዕል ነው፤ ልክ እሷ ስልክ ላይ ያለው፣ ሰዓቷ ስላልሞላ ገና ያልመለሰችው። የመንታዎቹን እናት አየች፣ እሷም ጉበቱ ላይ ናት። ጥበቃው ደግሞ ኩላሊት ደርሷል። ሁለት ቅጂ ቢሆን እንኳ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ብላ ተናደደች፤ እሷ ሰዓት አክብራ እየመለሰች ሌላው ይዞ የከረመ መሰላት።

«ልጄ፣ መልሰው እንጂ» አለችው ዕቃ አድራሹን። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ምኑን ነው የምመልሰው እትዬ?»

«መጽሐፉን ነዋ። ከዚህ በላይ ለራስህ ይዘህማ አይሆንም።»

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ቀልድ ላይ አልነበረችም፤ እንዲህ ነው የሚመለሰው ብላ ስልኳን አውጥታ እያየው አጠፋችው። ያን ጊዜ የኋላ ወንበር በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። የፊቶቹም ዞረው ምን ተባለ አሉ፣ ሲነገራቸውም ሳቁ። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ኖሮ ነገሩን ጠየቃት። እኔ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም ብላ በኩራት አስረዳችው። እሱ አልሳቀም። ከመቼ ጀምሮ ነው አላት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለችው። የኋላው ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እርስዎ ስላነበቡት ከማንም ላይ አይቀነስም» አላት። «ሺህ ሰው ቢያነበውም ያው ነው። ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፣ ለልጅዎ ይስጡት፣ ከፈለጉ አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። የእርስዎ ነው።»

እሷም ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች፤ በራሷ መሳቅ ድሮም ትችልበታለች። በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች። መሳቃቸው አልነበረም ያስለቀሳት። እሷ አንድ መስመር ለማንበብ ሌላው ሰው መጽሐፉን መዝጋት አለበት ብላ እስከዛሬ ማመኗ ነው። በዚህም እንደ ሌባ አንድ ዓይኗን ሰዓት ላይ አድርጋ ስታነብ መኖሯ አሳዘናት። ከመውረዷ በፊት ዓይኗን ጠረገችና መጽሐፉን እንደገና አወረደችው።

መምህሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ያለው እንደው ለአነጋገር ነው። ጨርሻለሁ ግን የተባለችውን ታደርጋለች። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ምዕራፎቹን በትልልቅ ፊደል አሳተመች፤ ልጇ መሰላል ላይ ወጥታ በመስታወቱ ዙሪያ ለጠፈቻቸው። ቀድሞ የሹሩባ ዓይነት ፎቶ የነበረበት ቦታ አሁን ኩላሊትና ጣፊያ ሆነ። አንዲት አዲስ ደንበኛ ገብታ ግድግዳውን አይታ ይቅርታ፣ ክሊኒክ መስሎኝ ነው ብላ ልትወጣ ስትል ነው ተሯሩጠው የመለሷት።

የቀረው ችግር እጅ ነበር፤ እጇ ቀኑን ሙሉ ሰው ፀጉር ውስጥ ነው። መፍትሔውን ያመጣችው ባለባንኳ ናት። እኔ እዚህ ሦስት ሰዓት አፌን ዘግቼ ከምቀመጥ ላንብብልሽ ብላ አንዱን ምዕራፍ ከግድግዳው አንስታ ጀመረች። ባንክ ቤት ስም ስትጠራ ስለምትውል ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ቆሽት የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ቆሽት ማለት ይሄ ነው እንዴ? የደሙን ስኳር ልክ የሚይዘው? ምግብ የሚፈጨው? እኔ እኮ የመናደጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባለባንኳ ግን ነገሩን ከምር ወሰደችው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለአለቃዬ ብዬ ቆሽቴን አላሳርርም፣ ሥራ አለው ማለት ጀመረች። ሐሞት የጉበት ሥራ መሆኑ የተነበበ ቀን ደግሞ ሐሞተ ቢስ ስለሚባሉ ባሎች ረጅም ክርክር ተነሳ፤ ጨጓራዬን ላጠው የምትል አንዲት እናትም ጨጓራ ራሱን በራሱ የሚያድስ መሆኑን ሰምታ ተመስገን አለች። በሳምንት ውስጥ የቤቱ ወግ ተለወጠ። የእገሊት ጋብቻ፣ የእገሌ ፍቺ መባሉ ቀረና ሰው ተራ ሲጠብቅ ልብ ስንት ክፍል እንዳለው ይከራከራል። አንዷ ስትወጣ ልቡን እንዳትጀምሩት፣ እኔ ነገ ነው የምመጣው ብላ አደራ ትላለች።

መኖሪያ ቤቷ ስትገባም ዕረፍት የለም። ልጇ ወጥ እየተሠራ ጥያቄ ትጠይቃታለች። የወሊድ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው በእኛ ቤት እውነት ሆነ ብላ ጨርሻለሁ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ ያመው ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ሲነግራት ስሙን ትነግረዋለች። ድሮ ወገቤን ብል ታሽኝ ነበር፣ አሁን ስሙን ነግራኝ ትሄዳለች ብሎ ለጓደኞቹ አማ።

የኋላ ወንበር ሰዎችም የሥራ ቤቷ መንገዳቸው ላይ ስለሆነ መግባት ጀመሩ። ዕቃ አድራሹ ሞተሩን በር ላይ አቁሞ አንድ ገጽ ሰምቶ ይሄዳል፤ የመንታዎቹ እናት ልጆቿን አግዳሚው ስር አስቀምጣ ታጠናለች። አንድ ቅዳሜ የባለሱቁ ልጅ ራሷን ልትሠራ መጣችና ያን ውድ መጽሐፍ ይዛ ነበር። ሥዕሉ በእርግጥ ያምራል፤ ከእጅ እጅ ተዟዟረ። ክፍል ውስጥ እኔ ብቻዬን ነው የማጠናው፣ እናንተ ጋ ግን ይሳቃል አለች፤ ራሷ ካለቀ በኋላም አልሄደችም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በክፍልም ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚቀመጥ እየጠፋ መጣ፤ መምህሩ ግለጡ ሲል ሁሉም የሚገልጠው አለው።

መምህሩ መጽሐፉ ውስጥ የከበዳችሁ ቦታ ካለ በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ አምጡልኝ፣ ለሚቀጥሉት እጨምረዋለሁ ብሎ ነበር። ጨርሻለሁ ጅማት ከቀጫጭን ክሮች ተሠርቶ እንዴት ያን ያህል ሸክም እንደሚችል የተጻፈው ሁለት ጊዜ አንብባው አልገባ ብሏት ነበር። በሦስተኛው እጇ ላይ ያለውን ፀጉር አየችና ገባት። ነጠላው ክር በሕፃን እጅ ይበጠሳል፣ አብሮ ሲጎነጎን ግን ሕፃኑን ራሱን ያንጠለጥላል ብላ ጻፈች። መምህሩ ደስ ብሎት ከፎቶ ጋር አምጪልኝ አላት፤ አንቺ ማለቱን ያኔ ራሱም አላስተዋለም። ፎቶው ከኋላ የተነሣ የባለባንኳ ራስ ነው፤ አንዱም ቅጂ ግድግዳው ላይ ከጉበቱ ጎን ተለጠፈ። የቀጣዩ ዙር መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ወዲህ ባለባንኳ መስኮቷ ላይ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ታሳያለች፤ መጀመሪያ ዞራ ማስመሰከር አለባት።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ጨርሻለሁ ማበጠሪያዋን ቤቷ ትታ ሄደች፤ እጇ ባዶ ሲሆን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ፈታኝ ሆና የቆመችው ሰዓት ሞላ ናት። ጨርሻለሁ ያቺ ሴት በቆመችበት አንብባ የጨረሰችው ገጽ የለም። ወረቀቱን ገለጠች። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ቆሽት ነው። ጆሮዋ ላይ የባለባንኳ ድምፅ መጣባትና ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ ሰው ድምፅ ጋር መጣ፤ ኩላሊት በልጇ ድምፅ፣ ልብ ነገ ነው የምመጣው ባለችው ሴት ድምፅ። ሰዓት ሞላ ጊዜው ደርሶ ቃሏን ስትናገር ጨርሻለሁ እስክሪብቶዋን ካስቀመጠች ቆይታ ነበር።

ውጤት የሚለጠፍ ቀን ግን ድፍረቷ ጠፋ። እንደ ሌላው ተጋፍታ ማየት አልቻለችም። ብወድቅ እዚያ ቆሜ ከምወድቅ እዚሁ እጄ ሥራ ላይ እያለ ልስማው ብላ የባለባንኳን ራስ ጀመረች። አግዳሚው ሞልቷል፤ ግማሾቹ የሚሠራ ፀጉር እንኳ አልነበራቸውም። ማንም አያነብም። እሷም አንድ ሹሩባ ሁለት ጊዜ ፈታች። ባለባንኳ ቆሽቴን ጠብቂልኝ አለች፣ ማንም ግን አልሳቀላትም።

የሞተር ድምፅ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ዕቃ አድራሹ የራስ ቆቡን ሳያወልቅ ብቅ አለ። ፊቱ አይታይም፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

«እትዬ» አለ፣ «ተራሽ ደርሷል!»

መጀመሪያ አልገባትም፤ ከልማድ ማበጠሪያዋን ራሷ ላይ ሰክታ ልትሮጥ ተነሳች። ወደ ቤተ መጻሕፍት አይደለም እትዬ፣ ወደ ሆስፒታል ነው፣ አልፈሻል፣ እኔም አልፌአለሁ አላት። ያኔ ቤቱ ተናወጠ። ልጇ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ባለባንኳ ግማሽ ራሷ እንደቆመ ተነስታ አለቀሰች፤ ጫማ አዳሹ ምን ሆናችሁ ብሎ ሮጦ መጣ። እሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ደስታው ከብዷት ነበር።

ሁሉም ግን አላለፈም። ፊት ወንበር ሲያንቀላፋ የከረመ አንድ ልጅ ወድቋል፤ መጽሐፍ ነጻ ቢሆንም ራሱን አያነብም። ጥበቃውም ለጥቂት ቀርቶታል፤ እሱ ግን ገና አንድ ዕድል አለው፣ ምዕራፎቹም ግድግዳው ላይ ናቸው። መምህሩ እንዳለው ከሆነ ከዚያ ክፍል ይህን ያህል ሰው አልፎ አያውቅም፤ ያለፉትን ሲያያቸውም ማን መጽሐፍ የገዛ፣ ማን ያልገዛ እንደነበር መለየት አልቻለም።

በሳምንቱ አንዲት ሴት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። አግዳሚው ላይ ከልማድ ስልኩን የደበቀም ነበር። ሰዓት ሞላ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ የባለባንኳን ራስ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ መታወቂያ ከታየ ስንት ጊዜው፣ ተማሪው የት ገባ እያልኩ ነበር፣ ለካ እዚህ ነው አለች። አሁን የእሷ ሥራ ስልክ ለሌለው በኮምፒውተር መክፈት፣ ማውረድ ላልቻለ ማሳየት ነው። ስንት ዓመት ከሰው እጅ ስነጥቅ ኖርኩ፣ ዘንድሮ ግን ስሰጥ ዋልኩ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ አለች። ራሴንም ተሠርቼ አላውቅም፣ ጊዜ የለኝም እያልኩ ብላ ሻሿን ፈታች።

ጨርሻለሁ ወንበሩን አስጠጋችላት፤ ፀጉሯም ብዙ ነበር፣ ሽበትም ጀምሮታል። እያበጠረች ስለ ሆስፒታሉ ልምምድ ነገረቻት፤ ሰኞ እንደምትጀምር፣ ነጭ ጋውኑን ባሏ እንደገዛላት፣ ወንድሟም ደውሎ እንዳለቀሰ። ሰዓት ሞላ ትሰማለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ከኖሩበት ልማድ ቶሎ መውጣት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ አላስቻላትምና ጠየቀች።

«ጨረስሽ?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ፈገግ ብለው የታወቀውን መልስ ጠበቁ። ጨርሻለሁ እጇን ከፀጉሩ ሳታወጣ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«ገና ነኝ እትዬ» አለች። «ይቀመጡ፣ ሰዓት አለን።»